ትንሹ ኮሌጅ ትልቁን እንዲያሸንፍ፦ የአንድ ቅርጫት ኳስ ቡድን የውድድር ዘመን አሠራር

በጀርሲ ሲቲ፣ ኒው ጀርሲ የሚገኘው የሴንት ፒተርስ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ቡድን በ2022 (እ.ኤ.አ.) ወደ አሜሪካ ኮሌጆች ብሔራዊ ውድድር ሲገባ 19 ጊዜ አሸንፎ 11 ጊዜ ተሸንፎ ነበር። 11 ሽንፈት ትንሽ አይደለም። በምድቡ ከተሰለፉት 16 ቡድኖች 15ኛ ደረጃ ነበር የተሰጠው። ማርች 17 ላይ 2ኛ ደረጃ የተሰጠውን ኬንታኪን በተጨማሪ ሰዓት 85 ለ 79 አሸነፈ። ቀጥሎ ከ33 ጨዋታ 31ዱን ያሸነፈውን መሬይ ስቴት ዩኒቨርሲቲን 70 ለ 60፣ ከዚያ ፐርዱን 67 ለ 64 ጣለና ከመጨረሻዎቹ ስምንት ቡድኖች አንዱ ሆነ። እስከዚያ ድረስ 15ኛ ደረጃ ይዞ እዚያ የደረሰ ቡድን አልነበረም። ዘመኑን በኖርዝ ካሮላይና 69 ለ 49 ተሸንፎ፣ በ22 ድልና በ12 ሽንፈት ዘጋ።

ይህን ዘመን «ተአምር» ብሎ ማለፍ ለተመልካች ይበቃል፤ ለአሰልጣኝ ግን አይጠቅምም። ከታች የተጻፈው ቁመትና ገንዘብ የሌለው የኮሌጅ ቡድን ከመጀመሪያው ልምምድ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ምን ቢሠራ ራሱን ለእንዲህ ያለ ዘመን እንደሚያዘጋጅ ነው። በአሜሪካ ኮሌጆችና በፊባ (የዓለም አቀፉ ቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን) ሕግ መካከል ልዩነት ባለበት ቦታ ሁለቱንም ጠቅሰናል፤ የኢትዮጵያ ቡድኖች የሚጫወቱት በፊባ ሕግ ነውና።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ብዙ አሰልጣኝ የሚያውቀው ምክር «ደካማ ከሆንክ ጨዋታውን አዝግም» የሚል ነው። እውነት አለው፤ ግን ከሚታሰበው በጣም ያነሰ ነው። ጠንካራው ቡድን በአንድ የማጥቃት ተራ በአማካይ 1.05 ነጥብ፣ ደካማው 0.95 ያገባሉ እንበል። እያንዳንዳቸው 75 ተራ ካገኙ ደካማው የማሸነፍ እድሉ በግምት 29 ከመቶ ነው። ጨዋታው ወደ 60 ተራ ቢወርድ 31 ከመቶ ይሆናል። ኳስ ይዞ 25 ሰከንድ መዞር፣ ተመልካች ማሰልቸት፣ ሁሉ ለ2 ከመቶ!

አሁን ፍጥነቱን እዚያው 60 ላይ ትተን፣ ደካማው ቡድን ከተቀናቃኙ 4 ተጨማሪ የመወርወር እድል ቢያገኝስ? አራቱ እድሎች ወደ 4 ነጥብ ይጠጋሉ። የማሸነፍ እድሉ ከ31 ወደ 43 ከመቶ ይዘልላል። አሰልጣኙ ልምምድ ላይ ጊዜውን የት ማፍሰስ እንዳለበት ይህ ቁጥር ይነግረዋል።

ተጨማሪ እድል የሚመጣው ከሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ የማጥቃት ሪባውንድ (ቡድኑ ራሱ የሳተውን ኳስ መልሶ መያዝ) እና የተባከነ ኳስ (ሳይወረወር ለተቀናቃኝ የተለቀቀ)። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ይህን አንድ መስመር፣ የእድል ሚዛኑን፣ ያስሉ፦ የእኛ የማጥቃት ሪባውንድ ሲቀነስ የእነርሱ፣ ሲደመር እነርሱ ያባከኑት ኳስ ሲቀነስ እኛ ያባከንነው። ውጤቱ በአማካይ ከ4 በላይ ከሆነ ቡድኑ፣ ቢሸነፍም እንኳ፣ በትክክለኛ መንገድ ላይ ነው። ከዜሮ በታች ሆኖ የሚያሸንፍ ከሆነ ግን ውርወራው ስለገባለት ነው፤ ያ ደግሞ አይዘልቅም።

አስር ሰው ማዘጋጀት

የሴንት ፒተርስ አሰልጣኝ ሻሂን ሆሎዌይ እስከ አስር ተጫዋች ያፈራርቁ ነበር። ትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው ሰባት ወይም ስምንት ሰው ላይ ይቆማሉ፤ ኮከባቸውን ማስወጣት አይወዱም። ትንሹ ቡድን ኮከብ ስለሌለው አስሩን ማሰለፍ አይጎዳውም። በሁለተኛው አጋማሽ 10ኛው ደቂቃ አካባቢ ልዩነቱ በእግር ይታያል።

የ40 ደቂቃ ጨዋታ ለአምስት ሰው 200 የተጫዋች ደቂቃ ነው። ለመነሻ አምስቱ ለእያንዳንዳቸው 25፣ ለተቀያሪዎቹ 15 ይስጡ፤ 125 ሲደመር 75 ልክ 200 ይሞላል። አንድ ተጫዋች ያለማቋረጥ ከ5 ደቂቃ በላይ ሜዳ ላይ ባይቆይ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ መጀመሪያ የሚደክመው እጅ ሳይሆን ወደ ኋላ የሚሮጠው እግር ነው። በአሜሪካ ኮሌጆች የቴሌቪዥን ዕረፍት በየአጋማሹ 16፣ 12፣ 8 እና 4 ደቂቃ ሲቀር ከሚቆም የመጀመሪያ ኳስ ጋር ስለሚመጣ፣ ተጫዋቹን ከዚያ 1 ደቂቃ ቀድሞ ማስወጣት ሁለት ዕረፍት በአንድ ዋጋ ይሰጠዋል። በፊባ ሕግ ያ የለም፤ በሩብ ማብቂያ ላይ ይጠቀሙ። ሩቡ ሊያልቅ 90 ሰከንድ ሲቀር የወጣ ሰው፣ የ2 ደቂቃው ዕረፍት ተጨምሮ፣ ታድሶ ይመለሳል።

የሚበላሸው የት ነው? አምስቱን በአንድ ጊዜ መቀየር ላይ። ተቀያሪዎቹ ሁሉ አብረው ሲገቡ ኳስ የሚያመጣ ሰው ይጠፋል። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይቀይሩ፤ ከሁለቱ ኳስ አመላላሾች አንዱ ምንጊዜም ሜዳ ላይ ይሁን። ሌላው ስህተት ተቀያሪን ባንድ ጥፋት ወዲያው ማስወጣት ነው። እንዲያ የተደረገበት ልጅ ሁለተኛ ጊዜ ሲገባ የሚያየው ቀለበቱን ሳይሆን አሰልጣኙን ነው። ቢያንስ 3 ደቂቃ ይስጡት።

ረጅሙን ሰው መያዝ

እዚህ ላይ ረዘም ብለን እንቆይ፤ ትንሽ ቡድን ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው እዚህ ነውና። የፐርዱው ዛክ ኢዲ 2.24 ሜትር ነው። ለሴንት ፒተርስ ከቀለበት ሥር ይከላከል የነበረው ኬ.ሲ. ንዴፎ 2.01 ሜትር ገደማ። ሃያ ሦስት ሴንቲሜትር በዝላይ አይሞላም። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ኳሱ ረጅሙ ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት ነው።

አንደኛ፣ ኳስ አቀባዩን ማስጨነቅ። ከውጭ ኳስ የያዘው ሰው ላይ ተከላካዩ በአንድ ክንድ ርቀት ውስጥ ይቁም፤ አንዱ እጅ ኳሱን ይከተል፣ ሌላው የማቀበያውን መስመር ይዝጋ። አቀባዩ ቀና ብሎ ተረጋግቶ ካየ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ረጅሙ ሰው ወደ ቀለበቱ ሲሮጥ ከነጻ መወርወሪያው (የቅጣት ምት ከሚወረወርበት) መስመር በላይ ቀድሞ መቀበል። በደረት ሳይሆን በክንድና በዳሌ፣ እግሮች ከትከሻ ሰፋ ብለው፣ ጉልበት ታጥፎ። አላማው ማቆም አይደለም፤ ሊቆምበት ካሰበው ቦታ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ማስወጣት ነው። ከቀለበቱ 1.5 ሜትር ላይ ኳስ የሚቀበል ግዙፍ ሰው አደጋ ነው፤ 3 ሜትር ላይ ሲቀበል ግን ኳስ ማንጠር ይኖርበታል። ሲያነጥር ትንሹ ጠባቂ (ከውጭ የሚጫወተው አጭር ሰው) መጥቶ ይነጥቃል።

ሦስተኛ፣ ኳሱ በጎን ሲሆን ከፊቱ በሦስት አራተኛ መቆም። አንድ እግር ከፊቱ፣ አንድ እግር ከጎኑ፣ ክንድ በማቀበያው መስመር ላይ ተዘርግቶ።

አራተኛ፣ በተቃራኒው ጎን ያለው ተከላካይ የራሱን ሰው ትቶ አንድ እግሩን በቀለም በተቀባው ሳጥን ውስጥ ያድርግ። ከላይ የሚወረወረውን ረጅም ኳስ የሚበላው እርሱ ነው። ከፊት የመቆም ዘዴ ሲከሽፍ አሰልጣኞች ፊት የቆመውን ልጅ ይቆጣሉ፤ ጥፋቱ ግን ከአስር ስምንት ጊዜ የዚህ የአራተኛው ሰው ወይም ኳስ አቀባዩን ያላስጨነቀው ሰው ነው። ቪዲዮውን መልሰው ሲያዩ መጀመሪያ እነርሱን ይመልከቱ።

ይህም ሁሉ ተደርጎ ረጅሙ ሰው ያገባል። የኬንታኪው ኦስካር ሺብዌይ በዚያ ጨዋታ 30 ነጥብና 16 ሪባውንድ ነበረው፤ ቡድኑ ግን ተሸነፈ። አንድ ሰው 30 ቢያገባ ችግር የለውም። ችግሩ እርሱን ለመርዳት ሲባል ሦስት ነጥብ ወርዋሪዎቹ መለቀቃቸው ነው። አስቀድመው ይወስኑ፦ ከተቀናቃኙ ማን ቢያገባ እንችለዋለን? ስሙን ሰሌዳ ላይ ጽፈው ተጫዋቾቹ እንዲያዩት ያድርጉ። ያኔ ሰውየው 20 ሲሞላ ማንም አይደናገጥም።

ሪባውንድ

ቁመት ሳይኖር ሪባውንድ የሚገኘው ኳሱን ከማየት በፊት ሰውን በመፈለግ ነው። ልምምዱ ቀላል ነው፤ አሰልቺም ነው፤ ግን በየቀኑ 8 ደቂቃ ይሠራ።

1. ሦስት አጥቂ ከሦስት ነጥብ መስመር ውጭ፣ ሦስት ተከላካይ በሳጥኑ ውስጥ ይቁሙ።
2. አሰልጣኙ ሆን ብሎ ይስታል። ኳሱ ከእጁ ሲወጣ እያንዳንዱ ተከላካይ ጮክ ብሎ «ውርወራ!» ይላል፣ አንድ ወይም ሁለት እርምጃ ወደ ሰውየው ይሄዳል፣ በክንዱ ይነካዋል፣ ከዚያ ዞሮ በጀርባው ያግደዋል።
3. ኳሱ መሬት አንዴ እስኪነጥር ማንም አይነካውም። በጀርባ ማገድ መሠራቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።
4. ተከላካዮቹ ሦስት ተከታታይ ኳስ ሲያሸንፉ ይወጣሉ። አንዱን ካጡ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ሦስተኛውን ደንብ ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንሱት። ከሦስት ነጥብ መስመር የተወረወረ ኳስ ርቆ ስለሚነጥር፣ ነጻ መወርወሪያው መስመር አካባቢ የሚወድቀውን የሚለቅሙት ጠባቂዎቹ ናቸው። ትንሽ ቡድን ውስጥ ጠባቂዎቹ በድምሩ 12 ሪባውንድ ካላመጡ ማዕከሉ (ከቀለበት ሥር የሚጫወተው ረጅም ሰው) ብቻውን አይችለውም።

በማጥቃት በኩል ሁለት ሰው ብቻ ወደ ቀለበቱ ይላኩ፣ ሦስቱ ወደ ኋላ ይመለሱ። ሦስት መላክ ያጓጓል፤ ግን ትልቁ ቡድን በፈጣን ማጥቃት የሚያገኘው ቀላል 2 ነጥብ ከተገኘው ሪባውንድ ይበልጣል። የሴንት ፒተርስ ጉዞ በተቋጨበት ጨዋታ የኖርዝ ካሮላይናው አርማንዶ ቤኮት ብቻውን 22 ሪባውንድ ወስዷል፣ 20 ነጥብም ጨምሮ። በሪባውንድ እንዲህ የተበለጠ ትንሽ ቡድን በዚያ ምሽት የሚያድነው ሌላ ነገር የለም።

ኳስ አለማባከን

ግቡ በጨዋታ ከ12 ያልበለጠ ነው። ፐርዱ በሴንት ፒተርስ ሲሸነፍ 15 አባክኖ ነበር፤ በ3 ነጥብ ለተጠናቀቀ ጨዋታ ያ ብዙ ነው።

ዋናው ልምምድ አምስት ሰው በሰባት ተከላካይ ላይ ኳስ ማሻገር ነው። የመጀመሪያው 4 ደቂቃ ማንጠር የተከለከለ ነው፤ ማቀበል ብቻ። ቀጣዩ 4 ደቂቃ ለአንድ ሰው ሁለት ማንጠሪያ ይፈቀድ። ሜዳ አጋማሽ ማለፊያው ጊዜ በፊባ 8 ሰከንድ፣ በአሜሪካ ወንዶች ኮሌጅ 10 ሰከንድ ነው፤ አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቁጠር። ከሰባት ሰው የለመደ ቡድን ጨዋታ ላይ አምስት ሲገጥመው ሜዳው ይሰፋለታል።

የባከኑትን ኳሶች ሲመዘግቡ በሁለት ይክፈሏቸው፦ ጨዋታው የቆመበት (ኳስ ከሜዳ የወጣበት፣ ሳያነጥሩ የተራመዱበት) እና የተነጠቀ። የመጀመሪያው ያናድዳል፤ ሁለተኛው ግን ሮጠው እንዲያገቡብዎት ይሰጣል። በአደባባይ መቆጣት ካለብዎት ለሁለተኛው ያስቀምጡት።

የቅጣት ምት

ርካሹ ነጥብ ይህ ነው፤ ቁመት አይጠይቅም፣ ተከላካይ የለበትም። ኬንታኪ በዚያች ምሽት ከ35 የቅጣት ምት 23 ብቻ አግብቶ በ6 ነጥብ ተሸነፈ።

በአሜሪካ ወንዶች ኮሌጅ በአንድ አጋማሽ ከ7ኛው የቡድን ፋውል ጀምሮ «አንዱን ካገባህ ሁለተኛው ይሰጥሃል» የሚል ደንብ አለ፤ ከ10ኛው ጀምሮ ሁለት ሙሉ ምት ይሆናል። በ60 ከመቶ የሚያገባ ሰው ከመጀመሪያው ዓይነት በአማካይ 0.96 ነጥብ ያመጣል፤ በ75 ከመቶ የሚያገባ 1.31። በፊባ ሕግ በሩቡ ከ5ኛው የቡድን ፋውል ጀምሮ በቀጥታ ሁለት ምት ነው፤ 1.2 እና 1.5 ይሆናል።

በልምምድ መጀመሪያ ላይ ታጥቦ የታደሰ ልጅ 20 ተከታታይ ቢወረውር ምንም አይለካም። በጨዋታ ማንም 20 ተከታታይ አይወረውርም። ይልቅ የሜዳውን ወርድ 17 ጊዜ በ65 ሰከንድ ውስጥ ያስሩጡ፤ 15 ሜትር በ17፣ 255 ሜትር ነው። ሳያርፉ ወዲያው ሁለት ምት። ይህን አምስት ዙር፤ አስሩ ምቶች በስም ይጻፋሉ። በጨዋታው መጨረሻ ኳስ የሚይዘው በዚህ ወረቀት ላይ ከ75 ከመቶ በላይ ያለው ሰው ነው፤ ካፒቴን ቢሆንም ባይሆንም።

የጨዋታ መርሐ ግብርና የልምምድ ሰዓት

የአሜሪካ ትንንሽ ኮሌጆች በኖቬምበርና ዲሴምበር ወደ ትልልቆቹ ሜዳ ሄደው ክፍያ ተቀብለው ይጫወታሉ፤ ገንዘቡ የስፖርት ክፍሉን ያኖራል፣ ሽንፈቱ ደግሞ በሪኮርዱ ላይ ይቀራል። የሴንት ፒተርስ ሊግ በአብዛኛው ወደ ብሔራዊው ውድድር አንድ ቡድን ብቻ ስለሚልክ፣ ዘመኑን የሚወስነው ማርች ላይ የሚደረገው የሊጉ ዋንጫ ነው። እዚያ ፍጻሜ ላይ ሞንማውዝን 60 ለ 54 ባያሸንፉ ኖሮ ኬንታኪን አያገኙም ነበር።

ከዚህ የሚወሰደው፦ የመጀመሪያዎቹን ከባድ ጨዋታዎች በውጤት አይመዝኑ። ለእያንዳንዱ ሁለት ግብ ይስጡ፤ ለምሳሌ «ከ14 ያልበለጠ ኳስ ማባከን» እና «በየሩቡ ከ3 ያልበለጠ የማጥቃት ሪባውንድ መስጠት»። በ25 ነጥብ ተሸንፎ ሁለቱንም ያሟላ ቡድን በአውቶቡስ ሲመለስ ሊነገረው ይገባል።

የልምምድ ሰዓት ወደ መጨረሻው እየቀነሰ ይሂድ። የአሜሪካ ኮሌጅ ደንብ በውድድር ወቅት በሳምንት ከ20፣ በቀን ከ4 ሰዓት አያስበልጥም፣ አንድ ቀን ዕረፍት ግዴታ ነው። ያም ጣሪያ ነው እንጂ ግብ አይደለም። መጀመሪያ ላይ በቀን 2 ሰዓት ከሠሩ፣ በመጨረሻው ወር 75 ደቂቃ ይበቃል። የሚቀነሰው ሩጫና ፍልሚያ ነው፤ ሪባውንዱ ከ8 ወደ 5 ደቂቃ ይወርዳል እንጂ አይወጣም።

ወረቀቱ

ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ሁለት ተማሪ፣ አንዱ የሚያይና የሚናገር፣ ሌላው የሚጽፍ። አንድ ሰው ሁለቱንም ሲሠራ ሊጽፍ ባጎነበሰባት ቅጽበት ሪባውንድ ያመልጠዋል።

የማጥቃት ተራን ለመቁጠር፦ የተሞከረ ውርወራ፣ ሲቀነስ የማጥቃት ሪባውንድ፣ ሲደመር የባከነ ኳስ፣ ሲደመር 0.44 በቅጣት ምት ብዛት። ምሳሌ፦ 58 ውርወራ፣ 9 የማጥቃት ሪባውንድ፣ 12 የባከነ፣ 18 የቅጣት ምት። 58 − 9 + 12 + 7.92 = 69 ገደማ። ቡድኑ 66 ነጥብ ካገባ በተራ 0.96 ነው። በተከታታይ አምስት ጨዋታ ከ0.90 በታች ከሆነ ችግሩ መከላከል ላይ አይደለም፤ ማጥቃቱ ይታይ። ነጥብን ብቻ የሚያይ አሰልጣኝ ግን ዘገምተኛ ቡድኑን «ማጥቃት አይችልም»፣ ፈጣኑን ደግሞ «መከላከል አይችልም» እያለ ይኖራል።

የመጨረሻዎቹ 4 ደቂቃዎች

እየመሩ ኳስ ይዞ መቆም የሚጀመረው መቼ ነው? መልሳችን፦ ከ2 ደቂቃ በፊት በፍጹም። 5 ደቂቃ ሲቀር በ8 የሚመራ ቡድን ማጥቃቱን ካቆመ፣ የመወርወሪያው ሰዓት ሊያልቅ 4 ሰከንድ ሲቀር የሚወረወር መጥፎ ውርወራ ይበዛበታል፤ ያ ሲደጋገም ተቀናቃኙ ይደርስበታል። ቡድኑን እዚያ ያደረሰውን ማጥቃት ይቀጥሉ፤ ብቻ በየተራው በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች አይወርውሩ።

በ3 ነጥብ እየመሩ ከ6 ሰከንድ በታች ሲቀር ፋውል መሥራት ይሻላል እንላለን፤ የማይስማሙ ጥሩ አሰልጣኞች ግን አሉ። ከተሠራ ሰውየው ገና ሲያነጥር፣ ጀርባው ለቀለበቱ ሆኖ፣ እጅ ወደ ኳሱ ተዘርግቶ ይሁን። መወርወር ከጀመረ በኋላ የተነካ እንደሆነ ሦስት ምት ያገኛል። ኳሱን ለመንጠቅ ሳይሞክሩ ሰውየውን መያዝ ደግሞ በፊባ ሕግ ስፖርታዊ ያልሆነ ፋውል ሊባል ይችላል፤ ሁለት ምትና ኳሱ ለእነርሱ። ይህን በቃል ማስረዳት አይበቃም። በሳምንት ሁለት ጊዜ 5 ደቂቃ፣ ሰዓት ተሞልቶ፣ ዳኛ ቆሞ ይለማመዱት።

ታይም አውት መቆጠቡም እንደ ሕጉ ይለያያል። በፊባ፣ በ4ኛው ሩብ የመጨረሻ 2 ደቂቃ ውስጥ፣ ከራስ ሜዳ ኳስ ሊጀምሩ ሲሉ ታይም አውት የወሰደ አሰልጣኝ ኳሱን በተቃራኒው ሜዳ ማስጀመር ይችላል። በአሜሪካ ወንዶች ኮሌጅ ይህ የለም። ስለዚህ በፊባ ሕግ የሚጫወት ቡድን አንድ ታይም አውት ለዚያች ቅጽበት ያስቀምጥ፣ ከዚያ የሚጀምርበት ሁለት የተዘጋጀ የማጥቃት አካሄድም በልምምድ ይኑረው።

ዘመኑ ሲያልቅ

ጥሩ ዘመን ያሳለፈ ትንሽ ቡድን ይበተናል። ሆሎዌይ በዚያው ወር መጨረሻ ወደ ሲተን ሆል ሄዱ፤ ንዴፎ ተከተላቸው፣ ኬንታኪ ላይ 27 ያገባው ዳሪል ባንክስ ወደ ሴንት ቦናቬንቸር፣ 20 ያገባው ዳግ ኤደርት ወደ ብራያንት ዩኒቨርሲቲ አለፉ። ሴንት ፒተርስ በ2024 የሊጉን ዋንጫ እንደገና ሲያነሳ አሰልጣኙም ሌላ፣ አምስቱም ሌሎች ነበሩ።

መበተኑን ማስቀረት አይቻልም፤ የሚቻለው መጻፍ ነው። የልምምድ ዕቅዶቹን በቀን፣ የተቀያየሩትን ደቂቃዎች፣ የእድል ሚዛኑን መስመር ለእያንዳንዱ ጨዋታ በአንድ ደብተር አድርጎ ለኮሌጁ መተው። ከአስሩም ቢያንስ አራቱ የ1ኛና የ2ኛ ዓመት ተማሪዎች ሆነው 15ቷን ደቂቃ የሚያገኙ ይሁኑ፤ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያው ልምምድ ላይ በጀርባ ማገድን ለአዲሶቹ የሚያሳዩት እነርሱ ናቸው።